ክረምቱ ስቶር ውስጥ ገባ፦ ስሙ የጠፋ ብረት፣ ክዳኑ ያበጠ ጠርሙስ፣ ድንጋይ የሆነ ኮስቲክ ሶዳ። ምን ላድርግ?

የስቶሯ ልጅ
ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብ ቴክኒሻን ነኝ። አካባቢያችን ደጋ ነው፤ ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ ፋታ አልሰጠንም። ከኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የኬሚካል ስቶሩ ያኔ እንደተቆለፈ ነው የቆየው። ቁልፉን የተረከብኩት ባለፈው ሰኞ ነው።

ስከፍተው ጣሪያው በአንድ ጥግ ያፈሳል። ከሚያፈስበት ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያየሁት አፈ ሰፊ የብርጭቆ ጠርሙስ ነው። ውስጡ ግራጫ የብረት ጓሎች አሉ። ላምባ ውስጥ ተነክረው የነበሩ ይመስለኛል። አሁን ላምባው ተንኖ ሥሩ ላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ቀርቷል። የላይኞቹ ጓሎች ደርቀው ቅርፊት አውጥተዋል። የስም ወረቀቱ ተበልቶ የቀረው የመጨረሻው «የም» የሚለው ብቻ ነው።

ከጎኑ «ውሃ አልባ አሉሚኒየም ክሎራይድ» የሚል የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ። ክዳኑ ወደ ላይ አብጧል። ቀጥሎ ኮስቲክ ሶዳ፤ ግማሹ ድንጋይ ሆኗል፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። ጣሪያው እዚያ ድረስ አይደርስም፣ ውሃ የጨመረበትም ሰው የለም። መጨረሻ ላይ ዝገት የበላው የካርባይድ ቆርቆሮ። ከሁሉም አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የእጅ መታጠቢያ ሲንክ አለ።

አለቃዬ «ጉድጓድ አስቆፍረሽ ቅበሪውና ተገላገይ» አሉኝ። እሺ ልበል? መስከረም ላይ ልጆች ይገባሉ። እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ።


ጨው በረንዳ
ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2፡15

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። አትክፈቺ፣ አትጠቢ፣ አትቅበሪ። ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ቸኩሎ ያተረፈ ሰው አላየሁም።

ስለ መቅበሩ ልንገርሽ። ሐምሌ ላይ መሬቱ ራሱ ውሃ ነው። የጠርሙሱ ብረት ሶዲየም ከሆነ፣ ውሃ ሲነካው ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል። በዚያው ቅጽበት ይግላል፤ ግለቱ ጋዙን ያቀጣጥለዋል። ካርባይዱ ደግሞ አሴቲሊን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ይለቃል። ሁለቱን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከቶ አፈር መመለስ ማለት ተቀጣጣይ ጋዝና ክብሪት አብሮ መቅበር ነው።

ዛሬ ማታ ወይም ነገ ጠዋት የሚሠራው ይህ ነው። ጠርሙሶቹን ሳትነኪ ውሃውን አስቁሚ። ከመደርደሪያው በላይ ላስቲክ ወጥሪ፣ ወደ ባዶው ጥግ አዘንብዪው። የሲንኩን ውሃ ከዋናው መዝጊያ ዝጊው። በሩን ቆልፊና «አይገባም» ብለሽ ለጥፊበት። መስኮት ካለው ዝናብ በማይገባበት በኩል ከፈት ይበል።

ከዚያ ሦስት ነገር ንገሪኝ። ጓሎቹ ከቀረው ላምባ ሥር ሰጥመዋል ወይስ ተንሳፍፈዋል? ቅርፊቱ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ቢን ካርድ (የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) ወይም ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ይገኛል?

በባትሪ ከውጭ ሆነሽ ነው የምታዪው። ጠርሙሱን አታንቀሳቅሺ።


ጡረተኛው መምህር
ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3፡50

ልጄ፣ ጨው በረንዳ የጠየቀሽ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይረሳም።

ስማቸው በ«የም» የሚያልቅ፣ ዘይት ውስጥ የሚቀመጡ ሦስት ብረቶች አሉ። ሊቲየም በጣም ቀላል ነው፤ ጥግግቱ 0.53 ስለሆነ ላምባ ላይም ይንሳፈፋል። ሶዲየም 0.97፣ ፖታሲየም 0.86 ናቸው። ላምባ 0.8 አካባቢ ስለሆነ ሁለቱም ይሰጥማሉ። ስለዚህ ከተንሳፈፈ ሊቲየም ነው። ከሰጠመ ግን ገና አልታወቀም።

ቀለሙ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሶዲየም ሲያረጅ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የወሰደው ነው። ፖታሲየም ግን ዘይት ውስጥ ሆኖም ቢሆን ቀስ በቀስ ኦክስጅን ይስብና ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቅርፊት ያበጃል። ሱፐርኦክሳይድ ይባላል። ይህ ቅርፊት በቢላ ሲቆረጥ ከብረቱና ከዘይቱ ጋር ተጋጭቶ ሊፈነዳ ይችላል። ውሃ አያስፈልገውም። ቢጫ ካየሽ ጠርሙሱን ማንም እንዳይነካው፤ አደራ።


የስቶሯ ልጅ
ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 6፡20

ላስቲኩ ተወጥሯል፣ ውሃው ተዘግቷል። አመሰግናለሁ፣ ጋሼም እግዜር ይስጥልኝ።

ጓሎቹ ሰጥመዋል። ቅርፊቱ ነጭ ነው፣ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ በባትሪ አየሁት፤ ቢጫ የለበትም። ሞዴል 19ኙም ከጽሕፈት ቤት ተገኘ። 2003 ዓ.ም. ላይ ሶዲየም 250 ግራም ገቢ ሆኗል። ፖታሲየም የሚባል ነገር ገቢ ሆኖ አያውቅም። ቢን ካርዱ ላይ ግን ከ2006 በኋላ የተጻፈ ነገር የለም። ማን ከፈተው፣ መቼ ከፈተው አይታወቅም።


ከላብ ወዲያ
ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 4፡05

ከሜሪላንድ ነኝ። ሶዲየሙን እናንተ ይዛችሁታል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ያበጠው ክዳን ነው። ብዙ ሰው ብረቱን ይፈራና ነጩን ዱቄት ይንቃል።

ውሃ አልባ አሉሚኒየም ክሎራይድ እርጥበት ባገኘ ቁጥር የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይለቃል። ጠርሙሱ በደንብ ካልተዘጋ ጋዙ ይወጣና ዙሪያውን ያዝጋል። የካርባይድ ቆርቆሮሽን ዝገት ያበላው ይኸው ሊሆን ይችላል። በደንብ ከተዘጋ ደግሞ ጋዙ ውስጥ ይታመቃል። አንድ ቀን አንድ ሰው ክዳኑን ሲያዞር ይፈነዳል። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ላብ አንድ ያረጀ ጠርሙስ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ዱቄቱ የባልደረባዬን ፊት ሸፍኖታል። ዓይኑን ያዳነው መነጽሩ ነው። መነጽሩ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ያበጠ ክዳን የሚከፈተው ፊውም ሁድ (ጋዙን ወደ ውጭ የሚስብ የላብ ሣጥን) ውስጥ ነው። ሙሉ የፊት መከላከያ ተደርጎ፣ ክዳኑ ላይ ወፍራም ጨርቅ ተጥሎ፣ ሩብ ዙር ብቻ ዞሮ ጋዙ ቀስ ብሎ እስኪወጣ ይጠበቃል። ትምህርት ቤታችሁ ፊውም ሁድ ከሌለው አይከፈትም። ሌላ መንገድ የለውም። ቲዮኒል ክሎራይድ፣ አሴቲል ክሎራይድ፣ ፎስፈረስ ፔንታክሎራይድ የሚባሉትም ጠባያቸው አንድ ነው።

ሌላው የእሳት ማጥፊያው ነው። ግድግዳችሁ ላይ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ለሚነድ ሶዲየም አይሆንም። የሚነድ ሶዲየም ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ይበላዋል። ውሃማ ነገርማ አይታሰብም። የብረት እሳት ማጥፊያ የራሱ ነው፤ «ዲ» የሚል ምልክት አለው። ከሌለ ደረቅ አሸዋ፣ ደረቅ ሶዳ አሽ ወይም ደረቅ የገበታ ጨው በባልዲ ይዘጋጅ። ለሊቲየም ግን አሸዋ አይጠቅምም፣ ከአሸዋውም ጋር ይዋሀዳል፤ ለሱ የግራፋይት ዱቄት ነው።


ጨው በረንዳ
ሐምሌ 11፣ ከጠዋቱ 3፡30

አሸዋው «ደረቅ» መባሉን በደንብ ያዢው። ከግንባታ ቦታ የመጣ አሸዋ ሐምሌ ላይ ውሃ ይዟል። ምጣድ ላይ አምሰሽ፣ ቀዝቅዞ፣ ክዳን ባለው ባልዲ ይቀመጥ። እርጥብ አሸዋ ሶዲየም ላይ መድፋት ውሃ መድፋት ነው።


ብየዳ ቤት
ሐምሌ 11፣ ከቀኑ 7፡10

እኔ ኬሚስት አይደለሁም፤ አዳማ ላይ ብየዳ ቤት አለኝ። ካርባይድ ግን የዕለት እንጀራዬ ነው፤ የማውቀውን ልበል።

የዛገ ቆርቆሮ በብረት መዶሻና መሮ አይከፈትም። ብልጭታው በቂ ነው። ውስጥ ትንሽ እርጥበት ገብቶ ከሆነ አሴቲሊኑ ተጠራቅሞ ይጠብቅሻል። ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ከሸተተሽ ጋዝ እየወጣ ነው። መብራት እንኳን አታብሪ፣ አታጥፊ፤ በሩን ከፍተሽ ውጪ።

እኛ ጋ ካርባይድ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጣውላ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ወለሉን ነው። ይህን የተማርነው በክፉ ቀን ነው።


ከላብ ወዲያ
ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 5፡00

ብየዳ ቤት ያለው ሁሉ ትክክል ነው። አሴቲሊን በአየር ውስጥ ከ2.5 በመቶ ጀምሮ ይቀጣጠላል። የነጭ ሽንኩርት ሽታው የራሱ የአሴቲሊኑ ሳይሆን ካርባይዱ ውስጥ ካለ ቆሻሻ የሚወጣው የፎስፊን ነው። ፎስፊን ደግሞ መርዝ ነው። ስለዚህ «ልሽተተው» ብሎ መጠጋት የለም።


የስቶሯ ልጅ
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 1፡15

አንድ ነገር አልገባኝም። ኮስቲክ ሶዳው ላይ ጣሪያው አላፈሰሰበትም። ክዳኑም ነበረው። ውሃው ከየት መጣ?


ጡረተኛው መምህር
ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 2፡40

ከአየሩ ነው ልጄ። ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በወጥ ቤት ጨው ነበር።

እናትሽ በክረምት «ጨዉ ውሃ አዘለ» ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል። ንጹሕ ጨው ውሃ የሚያዝለው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ሲደርስ ነው። ያልተጣራው ጨው ግን ውስጡ ማግኒዥየም ክሎራይድ አለበት። እሱ ደግሞ 33 በመቶ ላይ ራሱ መሟሟት ይጀምራል። ለዚህ ነው የአሞሌ ዓይነቱ ጨው ቀድሞ የሚረጥበው።

ኮስቲክ ሶዳ ከሁለቱም የባሰ ጥመኛ ነው። በጋ ላይም ቢሆን ክፍት ከተተወ ከአየር ጠጥቶ ራሱን ያቀልጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ስለሚስብ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል። ስለዚህ ያንን ጠርሙስ ለቲትሬሽን (የአሲድና የቤዝ መጠን በጠብታ ለሚለካበት ሙከራ) አትጠቀሚበት። 4 ግራም መዝነሽ 4 ግራም ኮስቲክ ሶዳ የለሽም። አዲስም ቢሆን መዝኖ ብቻ ማመን አይቻልም። ትክክለኛ መጠኑ የሚታወቀው በደረቀና በተመዘነ ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት ላይ ቲትሬት ተደርጎ ነው።

ማስቀመጫው ጠመዝማዛ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ነው። የብርጭቆ ክዳን ካደረግሽበት ብርጭቆውን በልቶ ያጣብቀዋል። የአሉሚኒየም ዕቃ ደግሞ ፈጽሞ፤ አሉሚኒየሙን እየበላ ሃይድሮጅን ይለቃል።

ውሃ ሲባል ሰው የሚያስበው ከቧንቧ የሚመጣውን ነው። ቦፓል ህንድ ላይ የሆነው በኛ አቆጣጠር ኅዳር 23 ለ24 አጥቢያ 1977 ዓ.ም. ነበር። እኛ በድርቁ መከራ ላይ ነበርን። አንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ማጠራቀሚያ ውስጥ 40 ቶን ገደማ ሜቲል አይሶሲያኔት ነበር። ውስጡ ውሃ ገባ። ጋለ፣ ፈላ፣ ጋዙ ከተማው ላይ ወጣ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ውሃ የማይስማማውን ነገር ከውሃ መለየት የስቶር ሥርዓት ብቻ አይመስለኝም። የሰው ሕይወት ነው።


የደም ናሙና
ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 5፡30

ጋምቤላ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እኛ ጋ የሚፈነዳ ነገር የለም፤ ግን እርጥበት የሚያበላሸው ውጤቱን ነው። የተበላሸ ውጤት ደግሞ በሽተኛው ላይ ነው የሚያርፈው።

የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ቆርቆሮው ክፍት ከዋለ ቀለሙ ይሳሳታል። የወባ ፈጣን መመርመሪያ ፖስታው የሚቀደደው በሽተኛው ፊት ነው። ጠዋት አሥሩን ቀድዶ ደርድሮ መጠበቅ አይሆንም። ውስጡ ያለችውን ትንሽ ማድረቂያ ከረጢት ተመልከቱ፤ ቀለሟ ተለውጦ ከሆነ ያንን መመርመሪያ ጣሉት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከፍሪጅ የወጣ ነገር ወዲያው አይከፈትም። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሞቃት አየር ሲያገኝ ጤዛ ይይዛል። ክፍት ከሆነ ጤዛው ውስጡም ይይዛል። የአንቲባዮቲክ ዲስኮቹ በዚህ ምክንያት ነው የሚበላሹት። ተዘግቶ እንዳለ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ፣ ከዚያ ይከፈት። ትልቅ ጠርሙስ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።


ማስተርስ 2ኛ ዓመት
ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 3፡00

ውይይቱን ለመጥለፍ አይደለም፤ የኔም ችግር እርጥበት ስለሆነ ነው። የግሪኛርድ ሙከራዬ (ማግኒዥየም ኤተር ውስጥ የሚሠራበት፣ ውሃ የማይወድ ሙከራ) ከሰኔ ወዲህ አልነሳም አለኝ። በጋ ላይ ይሠራ ነበር። ደግሞም እርጥበት መሳቢያው ሲሊካ ጄላችን ሁሉ ሮዝ ሆኗል። ምጣድ ላይ ማድረቅ ይቻላል? ጓደኛዬ ሩዝ ይሠራል ይላል።


ጨው በረንዳ
ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 4፡20

ሩዝ እርሳው። የሚስበው በጣም ትንሽ ነው፣ አቧራም ያመጣል።

ሰማያዊው ሲሊካ ጄል ቀለሙን የሚያገኘው ከኮባልት ክሎራይድ ነው። ሲደርቅ ሰማያዊ፣ ሲረጥብ ሮዝ። ኮባልት ክሎራይድ በካንሰር የሚጠረጠር ስለሆነ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ላይ አይወጣም። የላብ ኦቨን ውስጥ 120 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት አድርቀው። ትኩስ እያለ ክዳን ባለው ዕቃ ይግባ። ክፍት ትተህ ሻይ ጠጥተህ ብትመለስ የጠፋው ጊዜ ሁሉ ከንቱ ነው። በሚቀጥለው ግዢ ብርቱካናማውን ጠይቅ፣ ኮባልት የለበትም።

ለግሪኛርዱ ብርጭቆዎችህን ሌሊቱን ሙሉ 120 ዲግሪ ላይ አሳድራቸው፤ ትኩሳቸውን ገጣጥመህ በደረቅ ናይትሮጅን ሥር ይቀዝቅዙ። ኤተር ባለበት ክፍል እሳት እንዳታነሳ። ኤተር በባሕር ጠለል ላይ 34.6 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ደጋ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል፣ እንፋሎቱ ወለል ለወለል ይሄዳል።

ፈሳሾችህን ለማድረቅ ሶዲየም ሽቦ አያስፈልግህም። ቴትራሃይድሮፉራን የሚባለው ማሟሚያ 3 አንግስትሮም ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃ የሚመጥ ማድረቂያ ፍሬ) ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ፤ በሊትር 200 ግራም ያህል። ሲቩ ግን ቀድሞ 300 ዲግሪ ላይ መጋል አለበት። ከካርቶን ወጥቶ በቀጥታ የተጨመረ ሲቭ ራሱ ውሃ ጠጥቶ የመጣ ነው።


ከላብ ወዲያ
ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 5፡30

ማስተርስ፣ ከግሪኛርድ ቀጥሎ ቡቲል ሊቲየም እንድትሠራ ይሰጥህ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የ23 ዓመት ወጣት ተመራማሪ ቴርት ቡቲል ሊቲየም በመርፌ ስትስብ የመርፌው መግፊያ ተነቀለ። ያ ፈሳሽ አየር ሲነካው ራሱ ይነዳል። ጋውን አልለበሰችም ነበር፤ የለበሰችው ሠራሽ ሹራብ ተያያዘ። ከ18 ቀን በኋላ አረፈች። ጥጥ ጋውን ልበስ፣ ብቻህን አትሥራ፣ መጀመሪያ አድርጎ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ይቁም። እለምንሃለሁ።


የስቶሯ ልጅ
ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 8፡00

ከላይ ያለውን ሳነብ ሐሳብ መጣልኝ። አንድ ቁም ሳጥን በሲሊካ ጄል ሞልቼ ኬሚካሎቹን ሁሉ እዚያ ባስገባቸውስ?


ጡረተኛው መምህር
ሐምሌ 14፣ ከቀኑ 9፡25

ሁሉንም አይደለም። ፒክሪክ አሲድ አለሽ? ቢጫ ነው፤ ድሮ ለትምህርት ቤትም ይመጣ ነበር። እሱ በተቃራኒው ሲደርቅ ነው የሚፈነዳው። የሚሸጠው ውሃ ተጨምሮበት ነው፤ ያንን ውሃ ካጣ በክዳኑ ክር ላይ የደረቀችው ፍሬ ብቻ ስትፈተግ ትበቃለች። ካገኘሽ አትንኪው፣ ክፍሉን ዝጊና ጥሪን።

ሌሎቹንም ቢሆን አንድ ላይ አታጭቂ። ሶዲየሙና ካርባይዱ ከአሲድና ከውሃማ ነገር ሁሉ ርቀው፣ ለብቻቸው። በፊደል ተራ መደርደር ለመጽሐፍ ነው። ለኬሚካል መጀመሪያ ጠባዩ፣ ከዚያ ፊደሉ።


የስቶሯ ልጅ
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 1፡00

ቆየሁባችሁ፤ ያለቀውን ይዤ ልምጣ ብዬ ነው።

ፒክሪክ አሲድ የለም፤ ሁሉንም ወረቀት አንብቤ አረጋግጫለሁ። ጨው በረንዳ በውስጥ መስመር ካገናኘኝ በኋላ በአቅራቢያችን ካለው ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰዎች መጡ። ዝናብ ያላደረበትን ቀን መረጡ። ጋውን፣ የፊት መከላከያ፣ ደረቅ ጓንት ለብሰው ነው የገቡት። ሶዲየሙ ላይ ፋርማሲ የሚሸጠውን ፓራፊን ዘይት ጓሎቹ እስኪሸፈኑ ጨመሩ። ጠርሙሱን ደረቅ አሸዋ ባለው የብረት ባልዲ ውስጥ አቆሙት። ያበጠውን አሉሚኒየም ክሎራይድ ሳይከፍቱ በሌላ ባልዲ ወሰዱት። እዚያ ፊውም ሁዳቸው ውስጥ ሲከፈት እንደ ጭስ ነጭ ጋዝ እንደወጣው በስልክ ነገሩኝ። ከላብ ወዲያ፣ ያንን ክዳን ከመክፈት ያዳንከኝ አንተ ነህ።

ካርባይዱንም ወሰዱት። የተበላሸው ኮስቲክ ሶዳ በወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ተዘግቶ «ለቲትሬሽን አይሆንም» ተብሎ ተጻፈበት።

ሶዲየሙን ሁሉ ግን አላስቀረንም። በዓመት አንድ ጊዜ ለማሳየት የምስር ፍሬ የምታክል ቁራጭ ነው የምትበቃው። ስለዚህ ጥቂት ቁራጭ ብቻ አዲስ ጠርሙስ ውስጥ፣ ዘይት ጠልቆት መለሱልን። አለቃዬም የሆነውን ካዩ በኋላ ሲንኩን አስነቅለው ቧንቧውን አስደፍነውልኛል።

አሁን እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ሁለት ቀን አለ፤ የገባበትና መጀመሪያ የተከፈተበት። ወረቀቱ እንዳይበላ በሰፊ ስኮች አልብሼዋለሁ። የዘይቱን ከፍታ በየወሩ መጀመሪያ አይቼ ቢን ካርዱ ላይ እፈርማለሁ።

የጣሪያው ቆርቆሮ ማክሰኞ ይመጣል ብለውኛል። ላስቲኩን እስከዚያ አላወርደውም።